ባለመንኮራኩር የወንዝ መርከቦችን የሚገፋቸው ምንድን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ የሽርሽር መርከቦች የወጣውን ጽሑፍና እርሱን ተከትሎ አንድ አንባቢ የላኩትን አስተያየት በጥሞና አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ከመርከቡ ኋላ የሚዞረው ቀይ መንኮራኩር ዛሬም እንደ ጥንቱ በእንፋሎት ኃይል መርከቡን እንደሚገፋ ይናገራል፤ አስተያየት ሰጪው ደግሞ በዚህ ዘመን ያሉ መንኮራኩሮች በሙሉ ለጎብኚ ዓይን የተሰቀሉ ጌጦች እንደሆኑና ሥራውን የሚሠራው ከውሃ በታች ያለው ፕሮፔለር (እንደ ማራገቢያ የሚዞር ባለ ቅጠል መግፊያ) ብቻ እንደሆነ አስረግጠው ጽፈዋል። ሁለቱም አባባሎች ለአንዳንድ መርከቦች እውነት ናቸው፤ ለሁሉም ግን አይደሉም። ብዙ የሥራ ዘመኔን በመርከብ የሞተር ክፍል ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ነገሩ በዚህ ተዘግቶ እንዲቀር አልፈለግሁም። መንኮራኩር መርከብ ይገፋል ወይስ አይገፋም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው መርከብ በመርከብ፣ ከዚያም በላይ ወንዝ በወንዝ ሲታይ ነው፤ ትኬት የሚገዛው ተሳፋሪም መልሱን የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መንኮራኩሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ማንኛውም መርከብ ወደ ፊት የሚሄደው ውሃን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። ጥቂት ውሃን በከፍተኛ ፍጥነት ከመወርወር ይልቅ ብዙ ውሃን በዝግታ መግፋት ነዳጅ ይቆጥባል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚወረወረው ውሃ ይዞት የሚሄደው ፍጥነት ከሞተሩ ወጥቶ ለጉዞው ሳይውል የቀረ ኃይል ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሲቻላቸው ሰፊና ዝግ ብሎ የሚዞር መግፊያ ይመርጣሉ። ፕሮፔለር ሰፊ እንዲሆን ግን ክቡ መተለቅ አለበት፤ ክቡ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለመስጠም የበለጠ ጥልቀት ይፈልጋል። መንኮራኩር ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ስፋቱን የሚያገኘው ከመቅዘፊያ ሳንቃዎቹ ርዝመት ነው፤ ሳንቃዎቹ በጎን ረጅም ስለሆኑ ጥቂት ብቻ ጠልቀው ብዙ ውሃ ይይዛሉ፣ የቀረው የመንኮራኩሩ አካል ደግሞ ከውሃ በላይ በአየር ላይ ይዞራል። ጥልቀት በሌለበት ወንዝ ውስጥ ሰፊ መግፊያ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። ሳንቃው ወደ ውሃ ሲገባ በአግድም እየመታ ይገባል፣ ሲወጣ ደግሞ ውሃ ተሸክሞ ወደ ላይ ያነሳል፤ በሁለቱም ጊዜ የሚባክነው ኃይል መርከቡን ወደ ፊት አያስኬደውም። የመንኮራኩሩ ክብ ሲተልቅ ሳንቃዎቹ ወደ ውሃ የሚገቡበት ማዕዘን እየተስተካከለ ስለሚሄድ ብክነቱ ይቀንሳል፤ የጥንቶቹ መንኮራኩሮች እንደ ቤት ቁመት የነበሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው መፍትሔ ሳንቃዎቹን በማጠፊያ ላይ ማሰርና ከመሃል ወጣ ብሎ ከተተከለ ነጥብ ጋር በዘንጎች ማያያዝ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ሳንቃ በውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ቀጥ ብሎ ለመቆም ይቃረባል፣ አነስ ያለ መንኮራኩርም ፈጠን ብሎ እየዞረ የትልቁን ያህል ይገፋል። የአውሮፓ የሐይቅና የባሕር ባለመንኮራኩር መርከቦች በአብዛኛው ይህን ስልት ተጠቅመዋል። የሚሲሲፒ ሰዎች ግን ቀላሉንና ቋሚውን ሳንቃ መረጡ። ወንዙ ግንድ ተሸክሞ ስለሚወርድ ሳንቃ መሰበሩ አይቀርም፤ ማጠፊያና ዘንግ የሌለውን ሳንቃ ደግሞ መርከበኛ በማንኛውም ዳርቻ አቁሞ በመጋዝና በመዶሻ ሊተካው ይችላል። ይህን ምርጫ ኋላቀርነት አድርገው የሚመለከቱ አሉ፤ እኔ ግን ለቦታው የተገባ ብልህ ምሕንድስና ነው እላለሁ።

መንኮራኩር በፕሮፔለር ተሸንፏል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በሚያዝያ 1845 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ያደረገውን ፍልሚያ ነው። ራትለር የተባለውን ባለፕሮፔለር መርከብና አሌክቶ የተባለውን ባለመንኮራኩር መርከብ ኋላና ኋላቸውን በገመድ አስረው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያስጎትቷቸው ራትለር አሌክቶን ከ2 ኖት (በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል) በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ጎተተው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሆኖም ባሕር ኃይሉ ከዚያ ቀን በፊትም ባለፕሮፔለር መርከቦችን ማዘዝ ጀምሮ ስለነበር ፍልሚያው ለሕዝብ ማሳያነቱ ያመዝን ነበር። መንኮራኩርን ከባሕር ያስወጡት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። ባሕር መርከብን ወደ ጎን ሲያንገላታ አንዱ መንኮራኩር ከውሃ ይወጣል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሰምጣል። በረጅም ጉዞ የድንጋይ ከሰሉ ሲያልቅ መርከቡ ከፍ ስለሚል ሳንቃዎቹ የሚጠልቁበት ልክ ይዛባል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ በጎን የተንሰራፋ መንኮራኩር ለመድፍ ጥይት የተጋለጠ ከመሆኑም በላይ የራስን መድፍ ቦታ ይወስዳል። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም በጸጥተኛ ወንዝ ላይ አይገኝም፤ መንኮራኩሩ በወንዝ ላይ ለረጅም ዘመን የኖረውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሚሲሲፒ ልመለስ። በመጀመሪያው መደብ ያለው፣ የጉዞ ጸሐፊያችሁ የገለጹት ዓይነት መርከብ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚሠራና በመንኮራኩሩ ብቻ የሚገፋ፣ ዛሬም አለ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የቀን ሽርሽር የምታደርገው ናቼዝ በ1975 የተሠራች ስትሆን፣ ሞተሮቿ ግን ከእርሷ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይበልጣሉ፤ በ1925 ከተሠራችውና ክሌርተን ትባል ከነበረች የወንዝ ጎታች መርከብ የተወሰዱ ናቸው። ከኋላዋ የሚዞረው መንኮራኩር ሳንቃዎቹ ከነጭ ኦክ እንጨት የተሠሩ ናቸው። በኦሃዮ ወንዝ ላይ ያለችው ቤል ኦፍ ሉዊቪል ደግሞ በ1914 በፒትስበርግ አይድልዋይልድ በሚል ስም የተሠራች ናት፤ አሁንም በእንፋሎት ትጓዛለች። አስተያየት ሰጪው አንባቢ እነዚህን ሁለቱን ቢያዩ ኖሮ ሁሉም ጌጥ ነው ባላሉ ነበር። ናቼዝ ተሳፋሪዎች ወደ ሞተር ክፍሏ ገብተው እንዲያዩ ትፈቅዳለች፤ ወደ ኒው ኦርሊንስ የሚሄድ ወገን ሁሉ ይህን ዕድል እንዳያልፈው አጥብቄ እመክራለሁ።

እዚያ የሚገባ ሰው በመርከቡ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም ሞተሮች ያገኛል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ወደ ትንሹና ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ሲሊንደር ይገባል፤ እዚያ ፒስተኑን ገፍቶ ከተለጠጠ በኋላ ኃይሉ ገና ስላላለቀ ወደ ትልቁና ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት ሲሊንደር አልፎ እንደገና ይሠራል። በመጨረሻ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ውሃ ወደሚፈላበት ጋን፣ ማለትም ወደ ቦይለሩ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ሞተር ፒስተን በረጅም ክንድ አማካይነት በመንኮራኩሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ክራንክ (ዘንጉን እንደ እጀታ የሚያዞረውን አጭር ክንድ) ይገፋል፣ ይስባል። የግራውና የቀኙ ክራንክ በ90 ዲግሪ የተለያዩ ናቸው፤ ምክንያቱም አንዱ ፒስተን በጉዞው ጫፍ ላይ ደርሶ መግፋት በማይችልበት ቅጽበት ሌላው በመሃል መንገድ ላይ ሆኖ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፣ መንኮራኩሩም በየትኛውም ቦታ ቢቆም እንደገና ለመነሳት አይቸገርም። በሞተሩና በመንኮራኩሩ መካከል ማርሽ የለም። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ እንፋሎት በዝግታ እየሠራ ብርቱ ጉልበት መስጠት ስለሚችል ለመንኮራኩር የተፈጠረ ይመስላል።

በሁለተኛው መደብ ያሉት፣ ተሳፋሪ አሳድረው ለቀናት የሚጓዙት ትልልቅ መርከቦች ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች የተሳሳቱትም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን አሜሪካን ኩዊን ናት። በ1995 በሉዊዚያና ግዛት የተሠራችው ይህች መርከብ 127 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ በድልድይ ሥር ስታልፍ ሁለቱን ረጃጅም ጭስ ማውጫዎቿን ታጥፋቸው ነበር። የእንፋሎት ሞተሮቿ ከእርሷ በፊት በ1932 ከተሠራ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የደለል ጠራጊ መርከብ የተወሰዱ ሲሆን፣ የኋላውን መንኮራኩር የሚያዞሩት እነርሱ ነበሩ። ከመንኮራኩሩ ግራና ቀኝ፣ ከውሃ በታች፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮችም ነበሯት፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጩት የናፍጣ ጄኔሬተሮች ነበሩ። እንግዲህ በእርሷ ላይ የተሳፈረ ሰው በእንፋሎትም በናፍጣም፣ በመንኮራኩርም በፕሮፔለርም ተጉዟል። መንኮራኩሩ ጌጥ አልነበረም፤ ብቻውንም ግን አልሠራም።

ፕሮፔለሮቹ ለምን አስፈለጉ? ከእነዚህ ፕሮፔለሮች እያንዳንዱ ወደ ውሃ በወረደ እግር ጫፍ ላይ የተገጠመ ነው። ከሞተሩ በአግድም የሚመጣው ኃይል በቋሚ ዘንግ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ወደ አግድም ታጥፎ ፕሮፔለሩን ያዞራል፤ የኃይሉ መንገድ ዜድ የተባለውን የላቲን ፊደል ስለሚመስል ዜድ ድራይቭ ይባላል። እግሩ በሙሉ 360 ዲግሪ መዞር ስለሚችል መርከቡን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መግፋት ይቻላል። መንኮራኩር ግን የሚገፋው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ባለብዙ ፎቅ፣ ታቹ ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው መርከብ ነፋስ ሲመታው በውሃ ላይ ይንሸራተታል፤ ሚሲሲፒ ደግሞ ተከታትለው የታሰሩ የጭነት ጀልባዎችን የሚገፉ ግዙፍ መርከቦች ያለማቋረጥ የሚመላለሱበት፣ ጠማማና ብርቱ ወንዝ ነው። የሦስትና የአራት መቶ ሰው ሕይወት በአደራ የያዘ ካፒቴን መርከብ ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ጠባብ የመቆለፊያ በር ውስጥ ሲገባ ወይም በነፋስ ቀን ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ያስፈልገዋል። የድሮዎቹ ካፒቴኖች ይህን የሚያካክሱት ከመንኮራኩሩ ፊትና ኋላ በተተከሉ ብዙ መሪዎችና በረጅም ልምድ ነበር። ዛሬ ያ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩን የጨመረውን የመርከብ ሠሪ አላማርርም። ስለ ተሳፋሪው ደኅንነት ሲባል ያደረገው ትክክል ነው።

በሦስተኛው መደብ ያሉት እንፋሎት ጭራሽ የሌላቸው፣ መንኮራኩራቸው ግን በእርግጥ የሚገፋ መርከቦች ናቸው። በኒው ኦርሊንስ የምትገኘው ክሪዮል ኩዊን በ1983 ስትሠራ የተገጠመላት የናፍጣ ጄኔሬተርና መንኮራኩሩን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ከ1995 ጀምሮ የተጓዘችው ኩዊን ኦፍ ዘ ዌስት ደግሞ መንኮራኩሯን የምታዞረው በሃይድሮሊክ ነበር፤ የናፍጣ ሞተሮቹ ዘይት በከፍተኛ ግፊት ይገፋሉ፣ ዘይቱ ደግሞ መንኮራኩሩን ያዞራል። ይህ ስልት የራሱ ብልሃት አለው። የናፍጣ ሞተርም ሆነ ተራ የኤሌክትሪክ ሞተር በደቂቃ በመቶዎችና በሺህ የሚቆጠር ዙር መዞር ይወዳል፤ መንኮራኩር ግን በደቂቃ ከአሥር እስከ ሃያ ዙር ከዞረ ይበቃዋል፣ ከዚያ ከፈጠነ ውሃውን ይደበድባል እንጂ አይገፋውም። ይህን የፍጥነት ልዩነት በማርሽ ማጥበብ ከባድ ብረት ይጠይቃል፤ ሃይድሮሊክ ግን በዝቅተኛ ዙር ትልቅ ጉልበት ይሰጣል፣ ግንድ መንኮራኩሩን ድንገት ቢይዘውም ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ስላለው ዘንጉ ከመሰበር ይድናል።

አራተኛው መደብ በትክክል አስተያየት ሰጪው የገለጹት ነው። ሥራው በሙሉ በፕሮፔለር እየተሠራ መንኮራኩሩ በወራጁ ውሃ ብቻ የሚንከባለልባቸው ወይም በትንሽ ሞተር ለመልክ የሚዞርባቸው ጀልባዎች በብዙ አገር የቱሪስት ከተሞች አሉ። እነዚህን መከልከል አይገባም፤ ሰው የወደደውን መልክ ሊመርጥ ይችላል። የምቃወመው ግን በማስታወቂያቸው ላይ መንኮራኩር የሚገፋቸው አስመስለው ሲጽፉ ነው። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የዘንግና የክራንክ ቅባት እየቀባ፣ የተሰበረ ሳንቃ እየተካ እውነተኛውን መርከብ በሕይወት ለሚያቆየው ባለሙያ በደል ነው። እውነተኛው መርከብ ለመጠበቅ ውድ ነው፤ ተሳፋሪው ልዩነቱን ካላወቀ ርካሹን መርጦ ውዱ እንዲቀር ያደርጋል።

ያ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ከ1920ዎቹ የመጣችው ዴልታ ኩዊን ከውሃ በላይ ያለው አካሏ እንጨት በመሆኑ በአሜሪካ የባሕር ደኅንነት ሕግ በልዩ ፈቃድ ትጓዝ ነበር፤ ፈቃዱ ሲቋረጥ በ2008 ሰው አሳድራ መጓዝ አቆመች። አሜሪካን ኩዊንን ያንቀሳቅስ የነበረው ኩባንያ በየካቲት 2024 ተዘግቷል። በ2018 ሥራ የጀመረችው አሜሪካን ሶንግና በ2022 ሥራ የጀመረችው ቫይኪንግ ሚሲሲፒ መንኮራኩር የላቸውም። ከዚህ ተነስቶ የመንኮራኩር ዘመን አበቃ ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በሚሲሲፒ ላይ ምናልባት እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም መርከብ እስከሚያልፍበት ድረስ ወንዙ ዛሬ እየተጠረገ ጥልቀቱ ተጠብቆ የሚኖር ስለሆነ ፕሮፔለር ለመጠቀም የሚያስቸግር ነገር የለም። በዚያ ወንዝ ላይ መንኮራኩሩን ያቆየው የታሪክ ፍቅር ነበር።

በፈረንሳይ ያለውን የሎዋር ወንዝ ያየ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይደመድምም፤ ጋዜጣችሁ ይህን ሳያነሳ መቅረቱ ከሁሉ የበለጠ አሳዝኖኛል። ሎዋር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ሆኖም ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለውና አሸዋው ቦታውን የሚቀያይር ስለሆነ ትልቅ መርከብ ለረጅም ጊዜ አልደፈረውም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ኦርሌያንን ከናንት የሚያገናኙ ቀላል ባለመንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች ይሠሩበት ነበር፤ ተሳፋሪ የቦይለር ፍንዳታ ፈርቶ እንዳይሸሽ የማይፈነዱ የሚል ስም ተሰጥቷቸው ነበር። ባቡር ሲመጣ ግን ቀሩ። ከዚያ በኋላ በ2015 ክሩዋዚዩሮፕ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሎዋር ፕሪንሴስ የተባለችውን መርከብ አስገባ። በሴን ናዜር የተሠራችው ይህች መርከብ 90 ሜትር ርዝመትና 48 ካቢኖች ያሏት ስትሆን ከውሃ በታች የምትሰምጠው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጎንና በጎኗ ሁለት መንኮራኩሮች አሏት፤ እንፋሎት ግን የላትም።

እዚህ ላይ ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። 80 ሴንቲ ሜትር የምትሰምጥ መርከብ ከታቿ ሳይወጣ ሙሉ በሙሉ ውሃ የሚያለብሰው ፕሮፔለር ከሰባ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሊበልጥ አይችልም። ያን ያህል ትንሽ ፕሮፔለር 90 ሜትር የሚረዝም መርከብ ለመግፋት በጣም በፍጥነት መዞር ይኖርበታል፤ በፍጥነት ሲዞር ኃይል ያባክናል፣ ከወንዙ ወለል አሸዋና ጠጠር ስቦ ራሱን ይበላል፣ የወለሉንም አሸዋ ይቦረቡራል። ቅጠሎቹ ወለሉን ቢነኩ ይታጠፋሉ። የጎን መንኮራኩር ግን ጥቂት ጠልቆ በብዙ ሜትር ስፋት ይገፋል፤ ሁለቱ ለየብቻ መዞር ከቻሉም አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ በማዞር መርከቡን ባለችበት ማሽከርከር ይቻላል። መርከቧን የነደፉት ሰዎች የጥንቱን መልክ ናፍቀው መንኮራኩር አልመረጡም፤ ውሃው ሌላ ምርጫ ስላልተወላቸው ነው። ያም ሆኖ ሎዋር ለመንኮራኩርም በሙሉ አልተከፈተም። መርከቧ የምትጓዘው በናንትና በአንዤ አካባቢ ባለው የታችኛው ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ታዋቂ ግንቦች ተሳፋሪው የሚጎበኘው በአውቶቡስ ተወስዶ ነው።

ያው ኩባንያ በ2016 ኤልቤ ፕሪንሴስን፣ በ2018 ደግሞ ሁለተኛዋን ኤልቤ ፕሪንሴስ በበርሊንና በፕራግ መካከል ለሚደረግ ጉዞ አሠራ። በእነዚህ ላይ ሁለቱ መንኮራኩሮች ወደ ኋላ ተወስደዋል፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ቦዮችና የመቆለፊያ በሮች መርከብ በጎኑ እንዲንሰራፋ አይፈቅዱም። የኤልቤ ወንዝ ውሃ በደረቅ በጋ በጣም ስለሚቀንስ ብዙ ተራ መርከቦች ይቆማሉ፤ ጥልቀት የማይጠይቅ መርከብ እዚያ ቢያንስ ተጨማሪ ቀናት ይሠራል። በዚያው ወንዝ ላይ ድሬስደን ከተማ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ ባለመንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች እስከ ዛሬ ሰው ይጭናሉ። እንግዲህ በአንድ ወንዝ ላይ የአያቶቹ መንኮራኩርና የ21ኛው ክፍለ ዘመን መንኮራኩር ጎን ለጎን ሲሠሩ ማየት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለመንኮራኩር መርከብ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1902 በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በብሪታንያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያው በኋላ በጋምቤላ ተቋቋመ፣ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ የሚደርሱት መርከቦች ከኋላቸው መንኮራኩር ያላቸው፣ ታቻቸው ጠፍጣፋ የሆነ የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ፤ የጭነት ጀልባዎችን በጎናቸውና በፊታቸው አስረው ጨርቅና ጨው ያመጡ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይወስዱ ነበር። ውሃው ሲጎድል መመላለሱ ይቆም ነበር። ያንን መርከብ የሠሩት ሰዎች የባሮን አሸዋና የውሃውን ጥልቀት አይተው ነበር መንኮራኩር የመረጡት፤ የሎዋር ፕሪንሴስ ነዳፊዎች ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ምክንያት ያንኑ መረጡ። ስለ ባሮ የመንገደኛና የጎብኚ ጀልባ የሚያስብ ባለሀብት ወይም ባለሥልጣን ቢኖር የሚሲሲፒን ፎቶግራፍ ትቶ የሎዋርን ንድፍ እንዲመለከት አሳስባለሁ። በክረምትና በበጋ መካከል ያለው የውሃ ልዩነት፣ የዳርቻው አሸዋና ተንሳፋፊው ግንድ ተለክተው ሳይታወቁ ሞተር መምረጥ ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንኮራኩር ያለው መርከብ ንጹሕ ነው፣ አካባቢን አይበክልም የሚል ሐሳብም በጽሑፋችሁ ውስጥ አይቻለሁ። መንኮራኩሩ በራሱ ጭስ የለውም፤ ጭሱ የሚወጣው ከቦይለሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ነው። በናቼዝ ቦይለር ውስጥ የሚነደው፣ በአሜሪካን ኩዊንም ይነድ የነበረው ዘይት ነው። ስለዚህ የመርከቡ ንጽሕና የሚለካው በሚያቃጥለው ነዳጅና በሚያባክነው ኃይል ነው፤ በኋላው በሚዞረው ነገር ቅርጽ አይደለም።

ስለሆነም ጋዜጣው ሁለቱንም አባባሎች እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላም ስለ አንድ የወንዝ መርከብ ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን እንድትገልጹልን እለምናለሁ፦ ኃይሉ ከምን እንደሚመነጭ፣ ኃይሉ መርከቡን የሚገፋው በመንኮራኩር፣ በፕሮፔለር ወይስ በሁለቱም እንደሆነ፣ መርከቡም ከውሃ በታች ስንት እንደሚሰምጥ። ይህን መረጃ ማንኛውም የመርከብ ኩባንያ ሲጠየቅ ሊሰጥ ይችላል፤ ለመስጠት የሚያመነታ ካለ ደግሞ ማመንታቱ ራሱ ለአንባቢ ሊነገር የሚገባው ዜና ነው። የጉዞ ጸሐፊያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ናንት ሄደው ስለ ሎዋር ቢጽፉልን፣ የሞተር ክፍሉን ንድፍ ለአንባቢ በሚገባ ሥዕል ለማስረዳት ለመርዳት ዝግጁ ነኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

የጋዜጣው የዘወትር አንባቢና ጡረታ የወጡ የመርከብ መሐንዲስ